ሲተኛ የሚለሰልሰው እጅ

ቆቦም በሉት ዋጃ፣ ልጁ ከመንደሩ ሳይወጣ ስሙ «ሽባ» ወይም «ልክፍተኛ» ነው። ጤና ተቋም ሲደርስ ስሙ ይዘምንና «ሴሬብራል ፓልሲ» ይባላል። ሥራው ግን ያው ነው፤ ካርድ መዝጊያ። «መድኃኒት የለውም፣ እናት፣ ቻዪው» ትባልና ልጇን አዝላ ትመለሳለች። ጠቤ ከዚህች «ቻዪው» ጋር ነው።

በምጥ ጊዜ መታፈን፣ ያለጊዜ መወለድ ወይም ችላ የተባለ የጨቅላ ቢጫነት አንጎልን ይጎዳል። («ፀሐይ አሙቁት» ብሎ መሸኘት ከባዱን ቢጫነት አያድንም። ፀሐይ ቢሆንማ ራያ ምን ጎደለው!) የተጎዳው አንጎል እንደነበረ አይመለስም፤ ይኼ እውነት ነው። ጉዳቱ ግን ልጆቹን ሁሉ አንድ ዓይነት አያደርጋቸውም። የአንዱ ጡንቻ ሁልጊዜ የተወጠረ ነው፤ በፍጥነት ሲዘረጉት ይብስበታል። ሌላው ሲተኛ እንደማንኛውም ልጅ ይለሰልሳል፤ እንጀራ ሊቆርስ እጁን ሲሰድ፣ ሲደነግጥ፣ እንግዳ ሲገባ ግን ክንዱ ይጠመዘዛል፣ አንገቱ ይቆለመማል። ይህ ዲስቶኒያ ይባላል። እጅና እግሩ ሳያዛቸው የሚወናጨፉበትም አለ። ሁለት ሦስቱ ባንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል።

«ታዲያ ስሙን ማወቅ ምን ይፈይዳል?» ለሚለኝ ባለሙያ መልስ አለኝ። ዲስቶኒያው የሚጥል በሽታ ተብሎ ያለበሽታው ክኒን የሚውጥ ልጅ አለ። ለተወጠረው ጡንቻ የታሰበ ቀዶ ሕክምና ለሚጠማዘዘው ልጅ ያልታሰበ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ባክሎፌንና ትራይሄክሲፌኒዲል የሚረዷቸው ልጆች አሉ፤ ሁሉንም ባይሆንም ሞክሮ ማየት ይገባል። መጠማዘዙ በድንገት ከባሰ የሆድ ድርቀት፣ የጥርስ ሕመም ወይም የወለቀ ዳሌ ሊኖር ይችላል፤ መናገር ለማይችል ልጅ ጩኸቱ እሱ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ፣ አፉ ስለተጣመመ አእምሮውም እንደሌለ መቁጠራችን ነው። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል። «ቂል» የምንለውንም ጭምር።

ሰበቡን አውቀዋለሁ። የነርቭ ሐኪም ያለው ሩቅ ነው፤ ደሴ እንኳ ከቆቦ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ የሰሜን ወሎን ጤና ተቋማት አራቁቷቸዋል። እሺ። «ሲተኛ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ለመጠየቅ ግን የቱ መሣሪያ ያስፈልጋል? መልሱን እናቲቱ ከማንም በፊት ታውቀዋለች፤ ሌሊት ሌሊት ያንን እጅ ስትዳብስ ኖራለች። የጠየቃት የለም እንጂ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ክትባትና መጸዳጃ ቤት ሲቆጥር ኖሯል፤ ጓዳ የተቀመጠውንም ልጅ ለመቁጠር አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

እናቲቱም ባዶ እጇን አትሂድ። ከጎረቤት ስልክ ተበድራም ቢሆን ሲተኛ፣ ሲበላና ሲደነግጥ ትቅረጸው። «ቻዪው» ያላትን ባለሙያ ቁጭ አድርጋ ታሳየው።