ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ዲንሾ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ልጄ በመስኮት የደጋ አጋዘን ትፈልጋለች፣ ባለቤቴ ይነዳል፣ እኔ ደግሞ በሐሳቤ ቤቱን ክፍል በክፍል እየዞርኩ እቆልፋለሁ። መኝታ ቤት ተቆልፏል። ጋዙ ተዘግቷል። ወጥ ቤት... ቧንቧው!

ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ማታ ውኃ ሄዶ ነበር። ሲመጣ ድምፁን እንድንሰማ ቧንቧውን ባልዲ ላይ ከፍተን ተኛን፤ ንጋት ላይ ሻንጣ ስንጭን ረሳነው። ለገና አዲስ አበባ እናቴ ጋ እየሄድን ነው፤ ገና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረናል፣ የምንቆየው ደግሞ ስምንት ቀን ነው። ሮቤ ወዳለው ጎረቤታችን ሐጂ ደወልኩ። አጥሩ ጋ ሄደው አዳመጡና «ውኃው እየወረደ ነው። ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አሉኝ።

ሁለቱም ቁልፎች ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።

ተመለስን። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ማንም ምንም አልተናገረም። ስንደርስ ውኃው ኮሪደሩን አልፎ ሳሎን ገብቷል። ሐጂ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ምንጣፉን ከባለቤቴ ጋር አወጡ። ሲጨርሱ «ልጄ፣ ስድስት ዓመት ጎረቤት ሆነን፣ ቁልፍ የማልታመን ሰው ነኝ?» አሉኝ። ምንጣፉ በሁለት ቀን ፀሐይ ደረቀ። ለጥያቄው ግን መልስ አልነበረኝም፤ አለማመን አልነበረምና። ቁልፍ መስጠት ሰው ማስቸገር ይመስለኝ ነበር።

ቤቱ ባዶ የሆነበት ምክንያት አለው። ከዚያ በፊት በነበረው ገና ቤት የምታግዘንን ልጅ «አንቺ ቤት ጠብቂ» ብለን ትተናት ሄድን። ዕድሜዋ 18 ነው። ስንመለስ ቤቱ ንጹሕ፣ ዕቃው ሙሉ፤ ደስ ብሎን አመሰገንናት። ከሳምንት በኋላ አልጋዋ ሥር መጥረቢያ አገኘሁ። መብራት ሦስት ሌሊት ጠፍቶ ነበር፤ በሩን በጠረጴዛ ደግፋ፣ መጥረቢያውን አጠገቧ አድርጋ ነው ያደረችው። ቀኑን ለማክበር እናቷ ጋ መሄድ ትፈልግ እንደነበር ደግሞ ቆይቶ ነው የሰማሁት። ሌባ ቢመጣስ ምን ታደርግልን ነበር? ለቴሌቪዥን ብለን ሰው ትተን ሄድን። ይህንን የምጽፈው ብዙዎቻችሁ ለበዓል ስትወጡ የምታደርጉት ስለሆነ ነው። ሰው የሚቀር ከሆነ ሁለት ሆነው ይደሩ፤ ካልሆነ ደመወዟን ሰጥታችሁ ወደ ቤተሰቧ ሸኟት፣ በሩንም ቆልፉ።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የማስበው ሰው አንድ ነገር አይቶ ምን እንደሚረዳ ነው። የተቆለፈ ቤትም ማስታወቂያ አለው። ከውጭ የተንጠለጠለ ትልቅ ጓጉንቸር «ማንም የለም» ይላል። ሌባ እንዲፈራ ብለን የምንተወው የበረንዳ አምፖልም እኩለ ቀን ላይ ሲበራ ያንኑ ይናገራል። የእኛ አገር የታኅሣሥና የጥር አቧራ ደግሞ ደጃፍ ላይ ሲተኛ ለሦስት ቀን ማንም እንዳልረገጠው ይመሰክራል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ከሆነ በዚያ ይቆለፍ፤ ጎረቤት ማታ አምፖሉን ያብራ፣ ጠዋት ያጥፋ፣ መጋረጃውን ይግለጥ፣ ደጁን አንዴ ይጥረግ። ለዚህ ሁሉ ግን ቁልፍ ያስፈልጋል።

ወሬው ደግሞ አለ። ሻንጣ ይዘን ባጃጅ ስንሳፈር «የት ነው? ስንት ቀን ትቆያላችሁ?» እንባላለን፤ እኛም ደስ ብሎን ከነዝርዝሩ እንናገራለን። ባጃጅ ነጂው ቅን ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ሲያወራ የሚሰማው ሁሉ ግን እንደ እሱ ላይሆን ይችላል። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ለምትመጡ ደግሞ፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ላይ ቆማችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ያምራል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ «ሳምንቱን ሙሉ ባሌ ነን» ብላችሁ ከለጠፋችሁት ግን ቤታችሁ ባዶ መሆኑን በቀን አስታወቃችሁ። ቤት ስትገቡ ለጥፉት። ተራራው የትም አይሄድም።

ስለ ውሻ ትንሽ ልበል፤ እዚህ አካባቢ ነገሩ ከቤት ያልፋል። ባለቤቱ የሄደበት ውሻ ሲርበው አጥር ዘልሎ ይወጣል። ቤት ጠባቂነቱ ያኔ አከተመ፤ በዚያ ላይ ካልተከተበ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ሊዞር ይችላል። ይህ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል፤ በ1996 ዓ.ም. ዌብ ሸለቆ ውስጥ በርካታ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ስለዚህ ውሻችሁ የተከተበ ይሁን፤ የሚያበላውንም ሰው ከመሄዳችሁ በፊት ቁረጡ።

የቀረውን በአጭሩ፦ ውኃውን ቆጣሪው ጋ ካለው ዋና መዝጊያ ዝጉት፤ ያኔ የተከፈተ ቧንቧ ቢረሳም ግድ የለም። ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፤ የጠፋ መብራት ሲመለስ ስንት ዕቃ እንደሚያቃጥል ታውቃላችሁ። ፍሪጅ ውስጥ ሥጋ አትተዉ። የቤት ካርታውን፣ ወርቁንና ጥሬ ገንዘቡን ቁም ሣጥን ውስጥ ልብስ ሥር መደበቅ ይቅር፤ ሌባ መጀመሪያ የሚፈትሸው እዚያ ነው። የላፕቶፑንና የቴሌቪዥኑን መለያ ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ዕቃው ጠፍቶ ቢገኝ የእናንተ መሆኑን ለፖሊስ የምታስረዱት በዚያ ነው፤ «ጥቁር፣ ትልቅ» ማለት ብዙ አይረዳም። የአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጥ ቁልፍ የሚባል ነገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።

ሮቤና ጎባ ላይ አንድ ጸጋ አለን፤ ሁላችንም በአንድ ቀን አንሄድም። በገናና በጥምቀት እኛ ስንወጣ ሐጂ ቤት አሉ፤ በአረፋ እነሱ ሲወጡ እኛ አለን። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ግማሹ ባዶ ሲሆን አይቻለሁ፤ እዚህ ግን በዓላችን ራሱ ተራ ያስገባናል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንን አለመጠቀሜ ይገርመኛል።

ምንጣፉን ያሰጣን ዕለት አንዱን ቁልፍ ለሐጂ ሰጥቼ በማግስቱ እንደገና ተነሣን። ሦስተኛው ቀን ላይ ደወሉ፤ ደንግጬ አነሣሁ። የደወሉት ጽጌረዳዬን ውኃ ያጠጡት እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር።

ለአረፋ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጊኒር ሲሄዱ ባለቤታቸው የቤቱን ቁልፍ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። ከቁልፉ ጋር ላሚቱም ነበረች። ላም አልቤ አላውቅም አልኳቸው። «አምስት ቀን አለሽ፣ ትለምጃለሽ» ብለው መኪና ውስጥ ገቡ።