ሐሰትን የሚያሳድገው ጆሮ

ሐሰት የአንደበት ኃጢአት ነው ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ስለ ተነገረ፣ ሐሰተኛውን ለማረም የሚነሣ ሁሉ፣ አባትም ቢሆን መምህርም ቢሆን ዳኛም ቢሆን፣ ተግሣጹን የሚያዘንበው በተናጋሪው ላይ ብቻ ነው፤ የሰሚው ጆሮ ግን፣ ብዙ ጊዜ ሐሰቱን አስቀድሞ ያዘዘው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ተበዳይ ተቆጥሮ ከፍርድ ነጻ ይወጣል። እኔ ግን ሰው ከመዋሸት ልማድ የሚላቀቀው እውነቱን የሚታገሥ ሰሚ ሲያገኝ ነው ባይ ነኝ፤ ለዚህም አብነት ፍለጋ ከወሎ ምድር መራቅ አያስፈልግም።

ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለው ተረተር ፍየል የሚጠብቅ አንድ ብላቴና በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ጨዋታ አታሎት ሳለ ፍየሎቹ ከጎረቤት ማሳ ገብተው የጤፉን ቡቃያ ግጠውታል። ማታ መንጋውን እየነዳ ሲመለስ አባቱ ከበረቱ ደጃፍ ቆሞ «ማሳ አስገብተሃል?» ይለዋል፤ ልጁ ግን ጥያቄውን ከመስማቱ በፊት ያየው በአባቱ እጅ ያለውን አለንጋ ነው። «ኧረ አላስገባሁም፣ እስጢፋኖስን!» ይላል፤ የእስላም ልጅ ከሆነም «ወላሂ!» ይላል። በዚያች ሌሊት ሳይገረፍ ያድራል። በማግሥቱ ባለ ማሳው መጥቶ ጉዱ ሲወጣ እጥፍ ይገረፋል፤ ከዚህ ግርፋት የሚማረውም የሐሰትን ክፋት ሳይሆን ዱካ የማጥፋትን ብልሃት ነው።

ይህ ልማድ ከበረት ደጃፍ ተነሥቶ እስከ ቤተ መንግሥት እንደሚዘልቅ ወሎ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ አይታለች። በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ቀርቶ ሕዝቡ በረኃብ ሲረግፍ፣ ወሬው ከመሥሪያ ቤቶቹ ሳይደርስ የቀረ አይደለም፤ ደርሶ ሳለ ለመንግሥት ክብር ሲባል ተሸሸገ እንጂ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንሥተው ለተማሪዎቻቸው አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ምስል ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ታዲያ ያንን መሸሸግ ኃጢአት አድርጎ የከሰሰው ደርግ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ወሎ ዳግመኛ በረኃብ ተይዛ ነበር፤ የቆረም መጠለያ ምስል በቢቢሲ በኩል ዓለምን ያስደነገጠው በተከታዩ ወር፣ በጥቅምት ነው። አፍ ተለወጠ፣ ሥርዓት ተለወጠ፤ ጆሮው ግን ያው የቀድሞው ነበር።

የቀደሙት አባቶች ይህን ነገር ፈጽሞ አልዘነጉትም። ከአርዲቦ የሚወርደው ውኃ በሚገባበት በሐይቅ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያጸኑት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ የዚህ ገዳም አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል መዓርግ ከነገሥታቱ አማካሪዎች እንደ ዋነኛ ይቆጠር ነበር። ከዙፋኑ አጠገብ፣ ርስትና ጉልት የማያጓጓው ይሆናል ተብሎ የታሰበ መነኩሴ መቀመጡ ጥሩ ሥርዓት ነው፤ (ባለሟልነት ራሱ መነኩሴንም ያዋሻል የሚለኝ ቢኖር አልክድም)። ከዚህ የሚበልጠው ጥበብ ግን በየደብሩ ያለው ኑዛዜ ነው። የነፍስ አባት የተናዘዘውን ሰው ቀኖና ይሰጠዋል እንጂ አያዋርደውም፤ የሰማውንም ለሦስተኛ ሰው አያወጣም። ሰውየው እውነቱን የሚያወጣው ቅጣት ስለሌለ አይደለም፤ ቅጣቱ ልክ ስላለው ነው።

መዋሸት የለመደ ጎልማሳ ሊታረም ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ መሐላውን ቢተው ይሻለዋል፤ በየዐረፍተ ነገሩ የሚምል ሰው ቃሉ ብቻውን መቆም እንዳቃተው ራሱ ይመሰክራልና። ከዚያም የዋሸውን ሰው ያን ዕለት፣ ቢያንስ በማግሥቱ፣ ፈልጎ «የነገርሁህ ሐሰት ነበር» ይበለው፤ ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደረገ አንደበት ከመፍጠኑ በፊት የማግሥቱን ኀፍረት ያስባል። ከድኻ ጎረቤቱ ቤት ገብቶ ሳይበላ «በልቻለሁ» የሚለውን ከሐሰተኞች የሚቆጥር ቢኖር ከእርሱ ጋር አልከራከርም፤ ይሉኝታ የራሱ ሕግ አለው። ፊቱን ሳይታጠብ በስልክ «ደርሻለሁ» የሚለውን ግን ይሉኝታ አያድነውም።

የቀረው የሰሚው ድርሻ ነው። አባት ልጁን ከመጠየቁ በፊት አለንጋውን ከግድግዳው ይስቀል፤ የጥፋቱም ካሣ ልጁ ከባለ ማሳው ዘንድ አብሮት ሄዶ ይቅርታ መጠየቁ ይሁን። በወረዳ ስብሰባም አንድ የግብርና ሠራተኛ ተነሥቶ «የበልጉ ዝናብ ቀርቷል፣ በዕቅዱ የተጻፈው ሄክታር አልተዘራም» ሲል፣ ሰብሳቢው «ለምን አልተዘራም?» ብሎ ከማፋጠጡ በፊት «ስንት ቤተ ሰብ እህል አልቆበታል? ምን ያህል ይበቃል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከበስተኋላ ቁጥር አሳምሮ ይዞ ተራውን የሚጠብቀው ሌላው ሠራተኛም ይህን ሰምቶ ወረቀቱን እንደገና ያየዋል።