«ድህነት የአስተሳሰብ ነው» ለምንል ሁሉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ድህነት የአስተሳሰብ እንጂ የኪስ አይደለም» የሚለው ቃል ከአነቃቂ ንግግር አቅራቢዎች መድረክ ተነሥቶ ወደ ጉባኤያችን ከገባ ሰንብቷል። እኔም ወልቂጤ ላይ በአንድ የወጣቶች መርሐ ግብር ደግሜዋለሁ። ሲያበቃ በመናኸሪያ ዕቃ እየተሸከመ የሚተዳደር ወንድማችን ቀርቦ፣ «ዲያቆን፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ የቤት ኪራዩ ነው ወይስ አስተሳሰቤ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን ቃል የሥነ ልቦና ትምህርት አስመስለን እንናገረዋለን። ትምህርቱ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከመከር በፊትና በኋላ ፈትኗል። ያው ገበሬ እጁ ባጠረው ጊዜ በአእምሮ ፈተናው ዝቅ ያለ ውጤት አመጣ፤ መከሩን ሸጦ ሲያገኝ ተሻለ። በመካከል ስለ አስተሳሰቡ የሰበከው የለም! ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት ችግር ራሱ ልቡናን ይይዛል፤ ዕዳውን ሲያሰላ ለሚውል ሰው ለሌላው ነገር የሚተርፈው አሳብ ጥቂት ነው። ሩቅም አንሂድ፤ ከቡታጅራ በስተሰሜን ባለው በሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናት ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሚኖርባቸው ቤቶች ከባድ የምግብ እጦት ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ እንደሚበዛ አግኝቷል። ለእነዚህ ቤተሰቦች «አስተሳሰባችሁን ለውጡ» እንበላቸውን?

«ጉራጌ ከሊስትሮ ተነሥቶ ባለ ሱቅ የሆነው በአስተሳሰቡ አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። ጥረቱን ማን ይክዳል? ነገር ግን መርካቶ የገባው ልጅ ማደሪያ የሚሰጠው ዘመድ፣ ዋስ የሚሆነው የአገር ልጅ፣ ዕጣ የሚደርስበት ዕቁብ ነበረው። በ1950ዎቹ አባቶቻችን ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ለማሠራት የተነሡት፣ መንገድ የሌለው ገበሬ በትጋቱ ብቻ ገበያ እንደማይደርስ ስላወቁ ነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ወንጌሉ በእጃችን ሳለ ይህን ማለታችን ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን በደለ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታችን ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። የኢዮብ ወዳጆችም የተወቀሱት መከረኛውን በመከራው ስለ ከሰሱት ነው። በባለጠጋው ደጅ የተኛው አልዓዛር ስለ አስተሳሰቡ አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ባለጠጋው ነው።

የእኛስ ደጅ? የመዝሙር ልብስ መዋጮ ያልከፈሉትን ስም በጉባኤ ፊት እናነባለን። ባለፈው ዓመት ስማቸው በተነበበ ማግስት ሁለት ዘማርያን ቀሩ። በመዝገባችን ላይ «በስንፍና የቀሩ» ተብለው ተጽፈዋል፤ ያን ቀን ስማቸውን ያነበብሁት እኔ ነኝ። መዝገቡ እንዲታረም፣ መዋጮውም ስም ሳይጠራ በሙዳየ ምጽዋት እንዲሰበሰብ ለሥራ አመራሩ አመልክቻለሁ። እስከዚያው ግን ቤታቸውን የምታውቁ በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብራችሁኝ ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።