ዕዳውን ከፈልንለት፤ በሽታውን ግን ተውነው

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ ሰባት ሆነን ጓደኛችን ቤት ተሰበሰብን። የዕቁቡን የመጀመሪያ ዕጣ ወስዶ ሁለት ጊዜ ከከፈለ በኋላ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። የቤት ኪራይ አልተከፈለም፣ ክሬዲት ካርዶቹ ሞልተዋል፣ ባለቤቱ ምንም አታውቅም። «ቢዝነስ ሞክሬ ከስሬ ነው» አለን። እውነቱ የወጣው ስልኩን ስናይ ነው፤ ገንዘቡ በሙሉ የሄደው በኳስ ውርርድ ነበር። መከርነው፣ ተቆጣነው፤ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼም «ሁለተኛ አልነካም» አስብለው አስማሉት። ከዚያ አዋጥተን 11 ሺህ ዶላር ዕዳውን ዘጋን። ተቃቅፈን፣ አልቅሰን ተለያየን። በአምስተኛው ወር ዕዳው ከበፊቱ በልጦ ተገኘ።

ያኔ «ውለታ ቢስ» ብዬ ፊት ነስቼው ነበር። ዛሬ ግን ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልነበር ይሰማኛል። እኛ ዕዳውን ከፈልን እንጂ በሽታውን አልነካነውም። ይባስ ብሎ በገንዘባችን መገብነው።

በሽታ የምለው ለማለት ያህል አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የቁማር ሱስን በምርመራ መመሪያው ውስጥ ያስገባው በ1980 ነው። በ2013 በወጣው አምስተኛ እትም ደግሞ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ አስቀመጠው። መመሪያው 9 ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ 4ቱ የታዩበት ሰው ሕመሙ እንዳለበት ይቆጠራል። የተበላውን ለማስመለስ ተመልሶ መጫወት አንዱ ነው። መዋሸት ሌላው ነው። በቁማር ምክንያት ከገባበት የገንዘብ ችግር ለመውጣት ሌሎች ሰዎች ላይ መደገፍም ከዘጠኙ አንዱ ነው። እንግዲህ ያን ቅዳሜ ማታ «ወገን ለወገን» ብለን ያደረግነው ነገር፣ በሐኪሞች መዝገብ ላይ የበሽታው ምልክት ተብሎ ተጽፏል።

«የተማረ ሰው እንዴት ይሄን ያጣዋል?» የሚል ይኖራል። ነገሩ የዕውቀት ጉዳይ አይደለም። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ እንዳሳየው፣ ሽልማት ሁልጊዜ ከሚመጣ ይልቅ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ አልፎ አልፎ ሲመጣ፣ የተለመደውን ድርጊት ማስተው እጅግ ይከብዳል። ቁማር የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በ2009 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ያሳተሙት የአእምሮ ምስል ጥናት ደግሞ «ለጥቂት መሳት» ሲያሸንፉ የሚነቃውን የአንጎል ክፍል ጭምር እንደሚያነቃ አሳይቷል። አራት ጨዋታ ገምቶ አምስተኛው በ90ኛው ደቂቃ ጎል የተበላሸበት ሰው «ተሸነፍኩ» ብሎ አይተኛም፤ «ደርሼ ነበር እኮ!» ብሎ ያድራል።

በእኛ ዘንድ ኳስ አዋቂነታችንም ወጥመድ ነው። የአርሰናል ተከላካይ መጎዳቱን ማወቅ አጫዋቹን ድርጅት የሚያስበልጥ ይመስለናል። ድርጅቱ ግን ያንን መረጃ ከእኛ ቀድሞ ዋጋው ውስጥ አስገብቶታል፤ የራሱን ትርፍም ጨምሮበታል።

በዚያ ላይ ቁማር ቤቱ ኪሳችን ገብቷል። በግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስፖርት ውርርድን በአብዛኞቹ ግዛቶች ያገደውን የፌዴራል ሕግ ከሻረ ወዲህ፣ ከ30 በላይ ግዛቶች ፈቅደውታል። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቀው የታክሲ ሹፌር፣ ሌሊት ጥበቃ የሚያድረው ተማሪ፣ ከአገር ቤት «ላክልን» የሚባለው ብቸኛ ሰው ለማስያዝ ከተቀመጠበት መነሳት አያስፈልገውም።

ታዲያ መድኃኒት አለው ወይ? አለው። ብዙ ማስረጃ ያለው ሕክምና ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው የንግግር ሕክምና ነው። ሰውየው ከባለሙያ ጋር ሆኖ «አሁን ተራዬ ነው» የሚለውን የተሳሳተ ሐሳብ ይመረምራል፤ ደመወዝ በገባበት ቀን ይሁን በጭቅጭቅ ማግስት፣ ፍላጎቱ የሚቀሰቀስበትን ሰዓት ይለያል፤ ግፊቱ እንደ ማዕበል ተነስቶ እንደሚበርድ በተግባር ይማራል። ለዚህ ሕመም ተብሎ በአሜሪካ የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ናልትሬክሶን የተባለውን ግን አንዳንድ ሐኪሞች ያዙታል። ድብርት ካለም አብሮ መታከም አለበት። በ1957 ሎስ አንጀለስ የተመሠረተው የቁማር ሱሰኞች የመረዳጃ ማኅበር በብዙ አገሮች፣ በኢንተርኔትም ጭምር በነፃ ይሰበሰባል። ቁማር በሕግ በሚያስቀጣባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉ ወገኖቻችን ይህ የኢንተርኔት መንገድ በተለይ ይጠቅማል።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሰበሰብ ገንዘብ አላወጣንም። በመጀመሪያ ለባለቤቱ ራሱ እንዲነግራት አደረግን። በፈቃዱ ደመወዙ በእሷ ሒሳብ እንዲገባ ተስማሙ። ራሱን ከውርርድ አሳገደ፤ ይህ በአሜሪካ በየግዛቱ የሚፈጸም ሲሆን በእንግሊዝ ጋምስቶፕ፣ በስዊድን ስፔልፓውስ በአንድ ምዝገባ ፈቃድ ያላቸውን የኢንተርኔት አጫዋቾች ሁሉ ይዘጋሉ። ከቴራፒስት ጋር ቀጠሮ ያዝንለት፣ በተራ እየነዳን አደረስነው። ልጆቹ ጎዳና እንዳይወጡ የአንድ ወር ኪራይ ለአከራዩ በቀጥታ ከፈልን፤ በእጁ ግን አንድ ዶላር አልሰጠንም። በዕቁቡም አላባረርነውም፤ የመጨረሻውን ዕጣ ሰጠነው።

«ይሄማ ጭካኔ ነው» ያሉን ነበሩ። እሱ ራሱ ግን በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ያኔ 11 ሺውን ስታዋጡልኝ ዕዳዬ አለቀ ብዬ አይደለም ደስ ያለኝ። ካርዶቼ ባዶ ሆኑ፣ እንደገና መሞከር እችላለሁ ብዬ ነው።» ይህን ሰምቼ ለብዙ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩ በአንድ ጊዜ አልዳነም። በስምንተኛው ወር አንድ ጊዜ ወደቀ። ልዩነቱ ያኔ በዚያው ሌሊት መደወሉ ነው። ማገርሸት የሕመሙ ጠባይ ስለሆነ ከቴራፒው አላቋረጠም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የቁማር ሱስ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋት አደጋቸው ከፍተኛ ነው፤ የሚገፋቸውም ዕዳውና ሐፍረቱ አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ስንከለክል ሰውየውን መራቅ የለብንም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ መቅረብ አለብን። በአሜሪካ ለቁማር ችግር 1-800-426-2537፣ የሕይወት አደጋ ካለ ደግሞ 988 መደወል ይቻላል።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኛ ስሙ እንዳይጠፋ ብለን የጓደኛችንን ገመና ሸፈንን፤ በ11 ሺህ ዶላር የገዛነው ግን አምስት ወር ዝምታ ብቻ ነው። ነገ አንዱ ወዳጃችሁ «ትንሽ ብር አበድረኝ፣ ለማንም እንዳትናገር» ቢላችሁ፣ ቦርሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና «ውርርድ ነው እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁት።