ቀዝቃዛ ውኃ ሲያቃጥል

አንድ ሰው ከሐኪም ዘንድ ቀርቦ «ቀዝቃዛ ውኃ ስነካ እጄን ያቃጥለኛል፤ ነፋሱም ፊቴን እንደ እሳት ይለበልበኛል» ቢል፣ ከመካከላችን አእምሮው ታውኳል ሳይል የሚያዳምጠው ስንቱ ነው? ሕክምና የምታጠኑ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ለራሳችሁ እንድትጠይቁ እለምናለሁ። በሽታው በእውነት አለ፤ ስሙም ሲጓቴራ ይባላል።

በፓሲፊክ፣ በሕንድ ውቅያኖስና በካሪቢያን ደሴቶች ዙሪያ፣ በኮራል ቋጥኝ ላይ፣ ጋምቢየርዲስከስ የምትባል ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ትኖራለች። ትንንሽ ዓሣዎች የባሕሩን ሣር ሲግጡ መርዟን አብረው ይውጣሉ፤ ትልቁ ትንሹን እየበላ መርዙ ይከማቻል፤ በመጨረሻም ከሰው ማዕድ ይደርሳል። ሽታም ጣዕምም የለው፤ ቢቀቅሉት አይጠፋ። የበላው ሰው መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም ከንፈሩንና ጣቶቹን ይነዝረዋል፤ የነካው ቀዝቃዛ ነገር ሁሉ ሕመም ይሆንበታል። ይህም ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ይቆያል።

የመርከብ አለቃው ጄምስ ኩክ በ1774 እ.ኤ.አ. በነርቭ ላይ ተቃራኒ ሥራ የሚሠሩ ሁለት የባሕር መርዞች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ገጥመውታል። በጁላይ ወር በማሌኩላ ደሴት ባልደረቦቹ ዓሣ በልተው ታመሙ፤ ይህ ሲጓቴራ እንደ ነበረ ይታመናል። በሴፕቴምበር ደግሞ በኒው ካሌዶኒያ ራሱ ኩክ እንደ ፊኛ ከሚነፋ የዓሣ ዓይነት ጉበት ጥቂት ቀመሰ። እጅ እግሩም ደንዝዞ ውኃ የሞላውን ዕቃ ከላባ በክብደት መለየት አቃተው፤ አንጀቱን የበላው ዐሣማ ግን ሞቶ ተገኘ። ነርቭ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ሶዲየም በሚገባባቸው ጥቃቅን በሮች ነው። የጉበቱ መርዝ በሩን ይዘጋል፤ ስሜትም ይጠፋል። የሲጓቴራው መርዝ ግን መዘጋት የሚገባውን በር ከፍቶ ይይዛል፤ ነርቩም ሳይነኩት ይጮኻል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ብዙ ጽሑፎች በዚህ በሽታ ትኩሱ ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛውም ትኩስ ሆኖ ይሰማል ይላሉ። ንግግሩ ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርመራ ሕመምተኞቹ ትኩሱን ከቀዝቃዛው ለይተው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ያልነበረው ነገር ብርዱ ሕመም ማምጣቱ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናትም መርዙ ሕመም ተቀባይ ነርቮችን ለብርድ ንቁ እንደሚያደርጋቸው ገልጧል።

ይህ የቃላት ክርክር ነው የሚል ቢኖር አልስማማም። ሐኪሙ መጽሐፉን አምኖ «ትኩስ ሻይ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰማዎታል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሕመምተኛው በቅንነት «የለም» ይላል፤ ሐኪሙም እንግዲያውስ ሲጓቴራ አይደለም ብሎ ያሰናብተዋል። የሚታመንበት የደም ምርመራ ስለሌለ፣ ከሕመምተኛው ቃልና ከተረፈው ዓሣ በቀር ምስክር አይገኝም፤ ዓሣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተበልቶ አልቋል።

ባሕር ለሌለን ለእኛ ይህ ምን ያደርግልናል የሚል ወዳጅ አለኝ። ዓሣው ግን በበረዶ ተጭኖ ይጓዛል፤ በጀርመን አገር እንኳ ከሩቅ ባሕር በመጣ ዓሣ የታመሙ አሉ። ስለዚህ ከመጽሐፉ ጥያቄ ይልቅ «ሰሞኑን ምን በሉ? ቀዝቃዛ ነገር ሲነካዎትስ ምን ይሰማዎታል?» ቢባል ይሻላል፤ መልሱንም ሳያቋርጡ ማዳመጥ ነው።