አርባ ቀን ቁስልን አይለካም

በሐርቡ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች አራስነት የሚያበቃው በአርባ ቀን ነው። አርባው ሲሞላ ሙስሊሟ ታጥባ ወደ ሶላቷ ትመለሳለች፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካንና የባል መኝታም በዚያው ሰሞን ይጠብቋታል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። አርባ ቀን የሃይማኖት ወሰን ነው፤ ክልከላን ያነሳል እንጂ ቁስል መዳኑን አይመሰክርም።

ማህፀንን፣ የሽንት ፊኛንና የታችኛውን አንጀት እንደ አልጋ ጠፍር ተወጥረው የተሸከሙ ጡንቻዎች አሉ። በምጥ ክፉኛ ይለጠጣሉ፣ አንዳንዴም ይቀደዳሉ፤ እስኪያገግሙ ወራት ይፈጃሉ። ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ አራስ ሸክሟን በእነዚሁ ላይ ትጥላለች። ከዚያ ስትስል ሽንት ያመልጣታል፣ አንዳች ነገር ወደ ታች የሚወርድ ይመስላታል፣ ግንኙነትም ያማታል። ጡት ማጥባት ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ስለሚቀንስ ብልት ይደርቃል፤ ቁስሉ ገጥሞ እንኳ ሕመሙ ላይቀር ይችላል። ባል ሕመሟን እንደ እምቢታ ይቆጥረዋል፤ እሷም ጥርሷን ነክሳ ትችላለች። ሕመምን የሚጠብቅ ጡንቻ ደግሞ ገና ሳይነካ ይጨመደዳል፣ ሕመሙም ይብሳል። ለእንዲህ ያለችው ሴት «ጡንቻሽን አጥብቂ» የሚለው ምክር ጉዳት ነው፤ መጀመሪያ ማላላትን መማር አለባት።

«ወልዳ ያልተጎዳች የለችም» የሚለው አባባል ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። ጤና ጣቢያውም አይገልጠውም። በ45 ቀን ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ካርዱ ይሞላል፤ ያቀፈችው እናት ሳትጠየቅ ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ሽንት ማምለጡም፣ በግንኙነት ጊዜ ያለው ሕመምም እንዲጠየቅ መክሯል። «ሴቶቹ ያፍራሉ» ማለት ሰበብ ነው። አማት ካጠገቧ ተቀምጣ ማን ይናገራል?

ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሐምሊን በ1974 (እ.ኤ.አ.) የከፈቱት ሆስፒታል ብዙ ሴቶችን ከፊስቱላ (በተራዘመ ምጥ ከሚፈጠር ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ) አድኗል። ነገር ግን ሽንት ማምለጥ ሁሉ ፊስቱላ ብቻ ይመስል ስለ ሌላው ዝም ተባለ። ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈሳት ሴት ወደ ሕክምና ትላካለች፤ ስትስል ብቻ የሚያመልጣት «የኔስ ያ አይደለም» ብላ ትቀመጣለች። ለሶላት በተነሳች ቁጥር ውዱእዋ (የሶላት ትጥበቷ) መፍረሱን እየተጠራጠረች ልብስ ትቀይራለች። ጡንቻን በትክክል ማሠራት ሊያሻሽለው የሚችል ችግር፣ ማህፀን ወጥቶ ደሴ ድረስ ለቀዶ ጥገና እስክትሄድ አብሯት ይኖራል።