ሻንጣው ነገ ይከፈት

ሐምሌ ሲገባ ከዋሽንግተን የሚመጣው ቤተሰብ ቦሌ ይወርዳል። አባት፣ እናት፣ እዚያው የተወለዱ ሁለት ልጆች። 13 ሰዓት ገደማ በረዋል። እኛም አበባ ይዘን፣ ሚኒባስ ተከራይተን እንቀበላቸዋለን። እስከዚህ ድረስ ጸብ የለንም።

ጸባችን ከዚያ ወዲያ ካለው ጋር ነው። ያው ቀን ሳይመሽ አክስት ቤት ቁርስ፣ አጎት ቤት ምሳ፣ ማታ ደግሞ ለቅሶ መድረስ! እስቲ ልብ በሉ፦ አዲስ አበባ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ልጆቹ ዶሮ ወጥ ፊት ለፊት ሲያንቀላፉ "ኩራተኞች ናቸው" ይባላሉ። ኩራት አይደለም ጎበዝ፣ እንቅልፍ ነው! የ7 ሰዓት ልዩነት በጉርሻ አይካካስም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሻንጣው ነው። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሳሎን መሐል ይዘረገፋል። ስልኩ ለማን? ሽቶው ለማን? ያኮረፈውስ ማን ነው? ልጆቹ ስለ ወላጆቻቸው አገር መጀመሪያ የሚማሩት፣ ሰው የሚወደደው ይዞት በመጣው ኪሎ ልክ መሆኑን ነው።

"ባህላችን ነው" የሚሉን አሉ። ባህላችንማ የመንገደኛን እግር አጥቦ፣ አብልቶ ማሳረፍ ነበር። ከየት መጣህ፣ ምን ይዘህ መጣህ የሚለው ይደርሳል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሻንጣው ይቆለፍ፣ ስልኩ ይዘጋ፣ ዘመድ በየቤቱ ይቆይ። በጋ መስሏቸው ቁምጣ ይዘው ለመጡት ልጆች ሹራብ ይፈለግላቸው። ከአያታቸው ጎን ጋደም ብለው የክረምቱን ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ይስሙት።

ሽቶው እንደሆነ እስከ ነገ አይተንም።